የ«ሰ» እና የ«ሶ» ጠብ

የጋዜጣ መስቀለኛ ቃል የሚያዘጋጀውን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እንዳላየውም እጸልያለሁ። ካየሁት ምን እንደምናገረው አላውቅም፤ እኔ ደግሞ የልጆች እናት ነኝ፣ አፌን መጠበቅ አለብኝ። በቀበሌ ስብሰባ እጄን የማወጣው ሌላው ሁሉ ሲያወጣ ነው፤ ሲያወርድ አብሬ አወርዳለሁ። ጎረቤት ሲጣላ በሬን እዘጋለሁ። ልጆቼ ሲያስነጥሱ ሦስቴ አማትባለሁ፣ አራተኛውን ለመጠባበቂያ። እንዲህ ያለሁ ፈሪ ሴት በአንዲት ፊደል የተነሣ የልጄን ትዳር ላፈርስ ጥቂት ነበር የቀረኝ። ጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም፤ የመስቀለኛ ቃሉ ነው። እስቲ ስሙኝና ፍረዱኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ አባቴ «አሁን ደብዳቤ ማንበብ ትችላለች፤ ከዚህ በላይ ከተማረች መጻፍ ትጀምራለች» ብሎ አስቀረኝ። ዓመታት አልፈው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ፊደል ከማያውቁት ጋር አስቀመጡኝ። እኔም አውቃለሁ አላልኩም፤ በዚያ ጊዜ አውቃለሁ ማለት ምን ይጠቅማል? ከሀ እንደገና ጀመርኩ። አስተማሪያችን ጢሙ ገና ያልበቀለ ዘማች ነበር። «እሳቱ ሰ»ን በደንብ አስተማረንና «ንጉሡ ሠ» ጋ ሲደርስ ቆመ። ወደ በሩ አየ፣ ወደ መስኮቱ አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ የቀድሞው ንጉሡ ሠ ነው» አለን። እኛም «የቀድሞው ንጉሡ ሠ!» ብለን በአንድ ድምፅ ደገምን። እስካሁን በዚያ ስሙ የሚጠሩት ሴቶች አሉ።

ማንበቡ ከተመለሰልኝ በኋላ ጋዜጣ አማረኝ። ጋዜጣ ደግሞ የሚገኘው ሸህ እድሪስ ሱቅ ነው። ሸህ እድሪስ ስኳርና ቅመም የሚጠቀልሉበትን አሮጌ ጋዜጣ በእስር በእስር ከወልዲያ ያስመጣሉ። ዕለታዊ ጋዜጣ ይባላል፤ ለእኛ ግን ዕለቱ የትኛው ዕለት እንደሆነ አይታወቅም። እስሩ ሲፈታ የጥቅምቱ ከመስከረሙ በላይ ይወጣል፤ መልሱ ከጥያቄው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይደርሳል፣ ወይም በርበሬ ተጠቅልሎበት ወደ ቆላው፣ ወደ እኛው የዋግ ዝቋላ ይሄዳል። ሸህ እድሪስ መስቀለኛ ቃል ያለበትን ገጽ እየለዩ ባንኮኒው ላይ በሚዛን ድንጋይ ሥር ያስቀምጡልኛል። «ገጹን እሰጥሻለሁ፤ መስቀሉን ግን እዚያው ከእነ ጓደኞችሽ» ይሉኛል እየሳቁ።

አሁን ስለ መስቀለኛ ቃሉ የማስበውን ልናገር። አዘጋጁ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስለ ፌርማታ ይጠይቃል፣ ስለ ፎቅ ይጠይቃል፤ ስለ አሞሌ ወይም ስለ ማር ጠይቆ አያውቅም። አንድ ቀን ደግሞ «የቤት እንስሳ፣ ሁለት ፊደል» አለ። በሉ ፍረዱ! በግ ሁለት ፊደል ነው፣ ላም ሁለት ፊደል ነው፣ በሬም፣ ዶሮም፣ ውሻም። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ፊደል ያልሆነች አህያዬ ብቻ ናት። ከዚህ ሁሉ የትኛውን አስሬ የትኛውን ልልቀቅ?

ሌላው ደግሞ ኢምፔሪያሊዝም ነው። ኢምፔሪያሊዝም የሌለበት መስቀለኛ ቃል አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ ግመል ሲራራ ተዘርግቶ ሌላውን ቃል መግቢያ ያሳጣዋል። አደራ፣ እኔ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ምንም አላልኩም። ስለ ሳጥኑ ነው የተናገርኩት።

ፊደሉንስ ምን ልበል? «ሐዘን» ብለው በሐመሩ ሐ ይጀምሩና ወደ ታች ሲወርዱ ያንኑ ሳጥን «ሀገር» ያደርጉታል። አንዱን ሳጥን ሁለት ፊደል ሲለብሰው! ልጄ እንዲህ ያለ ነገር በፈተና ብትጽፍ ይሰርዙባታል፤ እነሱ ግን በመንግሥት ደመወዝ ይጽፉታል።

ይህን ሁሉ ችዬ ስፈታ ኖርኩ፤ በእርሳስ። አስተዋይ ሰው መስቀለኛ ቃል የሚፈታው በእርሳስ ነው፣ ላጲስም አጠገቡ ይኖራል። በእስክሪብቶ የሚፈታ ሰው ግን ነበረ፤ አቶ ሞላ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ከእኔ ቀድመው ሱቁ ከደረሱ ገጹን በእስክሪብቶ ሞልተው ይሄዳሉ፤ ስህተታቸውን ላጲስ አያወጣው፣ ምራቅ አያወጣው። እኔም ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ፤ ምክንያት ነበረኝ።

ምክንያቴ ልጄ ለምለም ናት። የአቶ ሞላ ልጅ ኪሮስ እዚሁ አጠገባችን፣ ጋዝጊብላ በምትባል አገር አስተማሪ ነው፤ ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ ጨዋ ልጅ። ለምለምን ወዷታል፣ እሷም ወዳዋለች። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ብንጋባም ትምህርቷን ትጨርሳለች» ብሏል። ይህን ስሰማ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ ዝቋላ ብዙ ፍየል ያለው ሰው አዘጋጅቶላት ነበር። ያ ሰው ስለ ትምህርቷ ቢጠየቅ «ፍየሎቹን መቁጠር ከቻለች ይበቃል» አለ አሉ። እንግዲህ የእኔ ነገር ይህ ነው፤ ኪሮስ ከቀረ ፍየሎቹ ይመጣሉ፣ ፍየሎቹ ከመጡ ልጄ ከክፍል ትወጣለች፤ እንደ እናቷ።

ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው እንደ ወጉ «እንመካከርና እሁድ ተመለሱ» ተብለዋል። ነገሩ አልቆ ነበር። እሁድ ሳይደርስ ነው ያ የተረገመ ገጽ የመጣው።

ሱቁ በር ላይ ሳልደርስ ሸህ እድሪስ «እንኳን ደስ ያለሽ የለምለም እናት! አገራችን ጋዜጣ ላይ ወጣች!» አሉኝ። እውነት ነው። «ወደ ጎን ሰባት፦ በዋግ የምትገኝ ከተማ» ይላል፣ ሦስት ሳጥን። ገበያተኛው ሁሉ ተሰበሰበ። ማር ይዞ የወረደ አንድ የጋዝጊብላ ሽማግሌ በሰው ትከሻ ላይ እያየ «ምነው፣ ጠፍታባቸው ነው እንዴ የሚጠይቁት?» አለ።

በዚህ መካከል አቶ ሞላ ገቡና እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው መዘዙ። እርሳሴን ገና ሳልልስ የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ «ሰ» ብለው ጻፉ።

«አቶ ሞላ፣ በሶ ነው» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«በሰ ነው፣ የለምለም እናት። ሰቆጣ። የመሥሪያ ቤታችን ማኅተም በሰ ነው።»

«ማኅተሙ የት ተቀረጸ?»

«ደሴ።»

«እንግዲያው ደሴ ተሳስተዋል።»

ገበያተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ማኅተም ተሳሳተ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። «ማለቴ... ቀራጩ እጁን አሞት ሊሆን ይችላል» አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «እኔ ግን እዚሁ ነው የተወለድኩት። እናቴ በአገውኛዋም በአማርኛዋም ስትጠራው አፏን ሞጠሞጥ አድርጋ ነው። ሶቆጣ! አፍ ሳይሞጠሞጥ የዚህች አገር ስም አይጠራም።»

ሰዉ ሁሉ ለመሞከር አፉን አሞጠሞጠ። ሱቁ የተቆጡ ዶሮዎች የታጎሩበት መሰለ። ግማሹ «በሶ ነው!» አለ፣ ግማሹ «በሰ!»

«ይኸው ወደ ታች ሰባት ይፈርደናል» አሉ አቶ ሞላ። «ከቤት ዕቃዎች አንዱ፣ ሦስት ፊደል። ሰፌድ! በሰ ይጀምራል፣ አለቀ።»

«ሶኬትም ሦስት ፊደል ነው» አልኩ።

የቀሩት ሁለት ሳጥኖች ከሌላ ቃል ጋር ቢገናኙ ኖሮ ይለይልን ነበር፤ አይገናኙም። እንዲህ አድርጎ ነው የሚሠራው አዘጋጁ፤ ሰውን አጣልቶ ይሄዳል።

«ቤትዎ ሶኬት አለ?» አሉኝ አቶ ሞላ።

«የለም።»

«ሰፌድስ?»

«አለ።»

«ታዲያ!» ሰዉ በእኔ ሳቀ።

«ጥያቄው የእኔን ቤት አይጠይቅም! ያዲስ አበባን ቤት ነው! ደግሞስ እርስዎ ሰፌድ በየት በኩል እንደሚያዝ ያውቃሉ?»

አሁን በእሳቸው ሳቁ። ያን ሳቅ ባይስቁ ጥሩ ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ጠዋት ማታ ስታንገዋልል የምትውል ሴት ለሶኬት ስትሟገት፣ ሰፌድ ነክተው የማያውቁ የቢሮ ሰው ለሰፌድ ሲሟገቱ።

አቶ ሞላ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። «በአራተኛ ክፍል ትምህርት የመንግሥት ማኅተም ታርሚያለሽ?» አሉኝ።

ታርሚያለሽ! በእርስዎ ጀምረው በአንቺ። አራተኛ ክፍሉን ባይጠሩብኝ አንቺውን እችለው ነበር። የአባቴ ነገር፣ የቀረሁበት ቀን፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝና «የተወለድኩባትን አገር ስም በአውቶቡስ የመጣ ሰው አያስተምረኝም!» አልኩ።

አቶ ሞላ ከወልዲያ ወዲያ ነው የመጡት። እዚህ ወልደዋል፣ እዚህ ሸብተዋል፣ በዚህች ከተማ ለቅሶ የቀሩበት ቀን የለም። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እያየሁት ልመልሰው አልቻልኩም። እስክሪብቷቸውን ክዳኑን ገጠሙ፣ ኪሳቸው ከተቱ።

«በአውቶቡስ የመጣ ሰው ልጅም ያው በአውቶቡስ የመጣ ነው። እሁድ አንመጣም» ብለው ወጡ።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። ለምለም ደብተሯን እንደያዘች ቆማ ጠበቀችኝ።

«እማ፣ በአንዲት ፊደል?»

«አንዲት ፊደል አትበይ! ሰባቱም የተቆጠሩት በምክንያት ነው።»

«እሺ፤ ከዝቋላው ሰውዬ ጋር ስኖር ፍየሎቹን በሰ ልቁጠራቸው ወይስ በሶ?»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ባለቤቴ የንብ ቀፎ እየመረገ ነበር፤ ቀና ብሎ «ለመሆኑ በምን ነው የሚጻፈው?» አለ።

«አንተም?»

«እኔማ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን እስከ ዛሬ ስመለስ ከተማዋን አጥቻት አላውቅም።»

ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ሄጄ እስከ አቶ ሞላ አጥር ደረስኩ። አጥሩ ሥር ቆሜ አሰብኩ፤ ይቅርታ ስል በሰ ነው ማለቴ እንደሆነ ቢቆጥሩብኝስ? ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ውሻቸው ለመደችኝ፣ እኔ ግን አልገባሁም።

ያዳኑን ሸህ እድሪስ ናቸው። ወደ አቶ ሞላ ቤት፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደሆኑት ወደ መሪጌታ አስፋው ቤት ሲመላለሱ ከርመው እሁድ ጠዋት ሦስቱም እኔ በር ላይ ቆሙ፤ መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሸህ እድሪስ ከዘራቸውን ይዘው፣ አቶ ሞላ ፊታቸውን ወደ ጎረቤት አዙረው። እንደምታውቁት ሽማግሌ ጉዳዩ ካላለቀ አይቀመጥም።

«ተቀመጡ እንጂ» አለ ባለቤቴ።

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ነገር ግን በመካከል አንዲት እሾህ ገብታለች፤ እሷን እንንቀል።»

«የአውቶቡሱ ነገር ይነሣልኝ» አሉ አቶ ሞላ ለጎረቤቱ ግድግዳ።

«የአራተኛ ክፍሉ ነገር ይነሣልኝ» አልኩ እኔ ለጓዳው መጋረጃ።

«እሷ ትቅደም።»

«እሳቸው ይቅደሙ።»

መሪጌታ ከመዝሙረ ዳዊት ጠቀሱ፣ ሸህ እድሪስ ከነቢዩ ቃል ጠቀሱ፤ እኛ እንደቆምን ነን። ፀሐይዋ ከበሩ አልፋ አናታቸው ላይ ወጣች። በመጨረሻ ሸህ እድሪስ በሩን ተደገፉና «ኧረ ጉልበቴ! አስታራቂ ቆሞ ይሙት እንዴ?» አሉ። ከዚያ ከካፖርታቸው ኪስ የታጠፈ ጋዜጣ አወጡ። «እስሩን ሁሉ ፈትቼ መልሱ ያለበትን አግኝቻለሁ። የእኔ ዓይን ይህን ደቃቅ ጽሕፈት አያነበውም። በሰ ከሆነ የለምለም እናት ትቅደም፣ በሶ ከሆነ ሞላ ይቅደም። ተስማማችሁ?»

ተስማማን። መጋረጃው ከኋላዬ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ለምለም ናት። በሶ ይሁን ብዬ ልጸልይ ጀመርኩና ተውኩት። በሰም ይሁን፣ ብቻ ያቺ ልጅ አትቅርብኝ አልኩ።

መሪጌታ መነጽራቸውን ሰኩ። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡ።

«በምን ይላል?» አሉ አቶ ሞላ።

«በኮ።»

«በምን?»

«ወደ ጎን ሰባት... ኮረም።»

መሪጌታ ገጹን ወደ እኛ አዞሩት። ከዚያ እኔና አቶ ሞላ እኩል ጮኽን።

«ኮረም!»

«በዋግ የምትገኝ ከተማ ሲሉ ኮረም! እኛ እያለን!»

«ሰው አልቆባቸው ነው? የሚጠይቁት አጥተው ነው?»

«ወደ ታቹስ ምን ይላል?» አልኩ።

«ኮርቻ» አሉ መሪጌታ።

«ኮርቻ የቤት ዕቃ ነው? በቅሎዋስ የት ልትተኛ ነው፣ አልጋ ላይ?»

«እርስዎ በአራተኛ ክፍል የማይሳሳቱትን እነሱ በዲግሪያቸው!» አሉ አቶ ሞላ እጃቸውን እያወናጨፉ።

«እርስዎ በአውቶቡስ መጥተው ያወቋትን አገር እነሱ ካርታ ይዘው አጧት!» አልኩ እኔ።

«ይሰማሉ አማቴ? ይሄ እኮ ንቀት ነው! ንቀት!» አሉና በንዴት መደቡ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ተቀመጠ!» ብለው ሸህ እድሪስ ከዘራቸውን አነሡ። «ሽማግሌ ከተቀመጠ ጉዳዩ አለቀ! እልል በሉ!»

አቶ ሞላ ብድግ ሊሉ ሞከሩ፤ መሪጌታ ትከሻቸውን ተጭነው አስቀሯቸው። ሸህ እድሪስም እፎይ ብለው አጠገባቸው ወደቁ። ማሩን አቀረብኩ፤ ለሸህ እድሪስ የራሳቸውን ያልተነካ ሳህን ሰጠኋቸው። ከማሩ ግማሹን መሬት ላይ አፈሰስኩት፤ በደስታው ነው ወይስ በኮርቻው እስካሁን አልለየሁትም።

ጠንቃቃ ሰው ግን በደስታው ቀን ነው የሚጠነቀቅ። «ትምህርቷን ትጨርሳለች የተባለው በቃል አይቅር፤ ይጻፍልኝ» አልኩ። ባለቤቴ አፈረ፤ አቶ ሞላ ግን «ልክ ነው፣ መጻፍ አለበት» ብለው እስክሪብቷቸውን ራሳቸው ለመሪጌታ ሰጡ። መሪጌታ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው እየተናገሩ ጻፉ። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተገለጸው... ነዋሪነታችን በ...» እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ሁላችንም የእስክሪብቶውን ጫፍ አየን።

«በሰ ይጻፉ» አልኩ። ከጉሮሮዬ እንደ ኮሶ ነው የወጣው።

«የለም፣ በሶ ይጻፉ» አሉ አቶ ሞላ።

«እርስዎ ታላቅ ነዎት። በሰ ይሁን።»

«የተወለዱት እርስዎ ነዎት። በሶ!»

«በሞቴ፣ በሰ!»

«እኔ ልሙት በሶ!»

«አልሰማም! ማኅተሙም በሰ ነው፣ ደሴ አልተሳሳተም!»

«ተሳስቷል! እኔ ነኝ የምለው፣ ተሳስቷል! ያከበርኩትን ይንቁብኛል?»

«ማን ነው የናቀ? እርስዎ ነዎት እንጂ ልሸነፍልዎ ስል እምቢ ያሉኝ!»

አቶ ሞላ ከመደቡ ሊነሡ ዳዳቸው። ሸህ እድሪስ በሁለት እጃቸው የአቶ ሞላን ኮት ያዙ። ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ሙሽራ ከተባለች ሰዓት ያልሞላት ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት ድምፅዋ መሰማት የሌለበት ልጄ፣ በታላቅ ድምፅ «መሪጌታ! በፈለጉት ይጻፉት፣ ብቻ ይጻፉልኝ!» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መሪጌታ ግን አልተቆጡም፤ ጎንበስ ብለው ጻፉ፣ ጽፈውም ሲጨርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ነዋሪነታችን በዚህች ከተማ የሆነ እኛ... ልጅት ለምለም ትምህርቷን እስከ ፍጻሜው እንድትማር ተስማምተናል።»

እኔና አቶ ሞላ ተያየን።

«በዚህች ከተማ?» አሉ እሳቸው።

«ስሟስ?» አልኩ እኔ። «ጋዜጣው የናቃት አንሶ እርስዎም ይዘሏታል?»

መሪጌታ እስክሪብቶውን ክዳኑን ገጥመው ለአቶ ሞላ መለሱላቸው።

«ስሟን ስትስማሙበት መጥታችሁ ንገሩኝ» አሉ። «ልጆቹ እስከዚያ ይጋቡ።»